ልጄ መጫወቻውን ይልሳል፤ ልስጋ?

የጤና ጥያቄና መልስ

ስለ ልጆች መጫወቻና ስለ እርሳስ መርዝ ከምዕራብ ጎጃም ወላጆች ለሚነሱ ጥያቄዎች የሕፃናት ሐኪም መልስ።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ አለኝ። ከገበያ የገዛሁለት ቢጫ መኪና ቀለሙ እየተላጠ ነው፤ እሱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ጎረቤቴ “ቀለሙ እርሳስ አለበት፤ ልጅ ያፈዛል” ብላ አስደነገጠችኝ። እውነት ነው? (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጎረቤትዎ መሠረት የሌለው ነገር አልነገሩዎትም። መጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ስለሆነ እሱን አይፍሩ። የምንፈራው እርሳስ ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት ነው። ቀለም እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲጨመር ኖሯል፤ በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለም ላይ ደግሞ ይበረታል። የታወቀ ስምም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ማቴል በቀለሙ እርሳስ ምክንያት በአንድ ጊዜ ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ መጫወቻ ከገበያ ሰብስቧል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በኪሎ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከዚያ በፊት የተቀባው በርና መስኮት ግን ዛሬም በየቤታችን አለ።

በዓይን አይቶ ይህ እርሳስ አለው፣ ያ የለውም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቀለሙ የሚላጥ፣ የሚፈረፈር ወይም እጅ ላይ የሚቀር መጫወቻ ከሆነ ይውሰዱበት፤ ለታናሽም አያቆዩት። በምትኩ ያልተቀባ የእንጨት ማንኪያ፣ ኩባያ ወይም ከንጹሕ ጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት ይስጡት። ልጁ እንደሆነ ከመኪናው እኩል ይጫወትበታል።

ጥያቄ፦ ልጄ እስካሁን ሲልሰው ኖሯል። ተጎድቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? (እኚሁ እናት)

መልስ፦ ክፋቱ ብዙውን ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው። ሰውነት እርሳስን እንደ ካልሲየም ቆጥሮ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ወደ አንጎልም ይገባል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ቀስ በቀስ የሚታየው የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ደም ማነስ፣ ነጭናጫነትና ትምህርት አልገባ ማለት ነው። እነዚህ ግን ከሌላ በሽታም ይመጣሉ። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ስለ መጫወቻውም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ትክክለኛው ምርመራ የደም ምርመራ ነው፤ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ግን አይደለም። ይህ ተስፋ አያስቆርጥዎ። እርሳስን ከሰውነት የሚያወጣው መድኃኒት መጠኑ በጣም ከፍ ላለባቸው ልጆች ብቻ ነው የሚሰጠው። ለሌላው ሁሉ ዋናው ሕክምና ምንጩን ማራቅ ነው፤ እሱን ደግሞ ላብራቶሪ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ። ሆድ ያጥባል የሚባል መድኃኒት ግን በቤትዎ አይስጡት።

ጥያቄ፦ ቡሬ ከተማ የመኪና ባትሪ እጠግናለሁ። ልጆቼ የተገዛ መጫወቻ የላቸውም፤ ግቢ ውስጥ ባገኙት ነው የሚጫወቱት። እኔን ይመለከተኛል? (አባት፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ከማንም በላይ የሚመለከተው እርስዎን ነው። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ከተላጠ መጫወቻ የሚመጣው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ በምትገኝ መንደር ሰዎች የአሮጌ ባትሪ እርሳስ እየለቀሙ ሲሸጡ አፈሩ ተመረዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 መካከል 18 ሕፃናት ሞቱ።

አቧራው በልብስ፣ በጫማና በፀጉር ቤት ይገባል። ልጅዎ ሮጦ ሲመጣ አቅፈው የሚያነሱት በዚያው ልብስ ከሆነ አቧራው ከደረትዎ ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ስለዚህ የሥራ ልብስዎን እዚያው ሥራ ቦታ አውልቀው፣ እጅና ፊትዎን በሳሙና ታጥበው ይግቡ። ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ባትሪ በግቢዎ አይከፈት፣ እርሳስም በቤት እሳት አይቅለጥ። ለቆራሌው እስኪሰጥ ድረስ አሮጌውን ባትሪ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆልፉበት። ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ የምንገዛው ተራ ድንጋይ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱም ቢሆን ተሰብሮ መጫወቻ አይሁን።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ዓይኑ እንዲያምርና ቡዳ እንዳያየው ኩል እቀባዋለሁ። ምራቴ ተቆጣች። ማናችን ነን ልክ? (አያት፣ ከደምበጫ ገጠር)

መልስ፦ እናቴ፣ በፍቅር እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። በዚህ ነገር ግን ምራትዎ ልክ ናቸው። አንዳንዱ ኩል የሚፈጨው ራሱ የእርሳስ ማዕድን ከሆነ ድንጋይ ነው። ሕፃኑ ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን ይጠባል፣ በዚያ ይዋጣል። የትኛው ኩል ንጹሕ እንደሆነ በመልኩ መለየት አይቻልም። ኩል የልጅን ዓይን አያጠራም፣ አያጠነክርምም። ዓይኑን በንጹሕ ውኃ ያጥቡለት፤ ምርቃትዎ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እርሳሱን ተውትና፣ ከመጫወቻ ቶሎ የሚገድል ነገር አለ? (አባት፣ ከጃቢ ጠህናን)

መልስ፦ አለ፤ ትናንሽ ነገር። ድምፅ በሚሰጡና መብራት በሚያበሩ መጫወቻዎች ውስጥ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ታቃጥላለች። ልጁ መዋጡን ከጠረጠሩ አያስመልሱት፣ ምግብም አይስጡት፤ ኤክስሬይ ወደሚነሳበት ሆስፒታል ይሩጡ። ከዋጠ ገና 12 ሰዓት ካልሞላውና መዋጥ ከቻለ፣ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ እየሄዳችሁ በየአሥር ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፤ ከስድስት ጊዜ በላይ ግን አይሆንም። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል። ለማሩ ተብሎ ግን መንገድ አይዘገይ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

ባቄላ፣ በቆሎና ሽምብራም ልጅን ትን ይሉታል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥሬም ቆሎም አይስጡ። ትን ብሎት መጮህም መሳልም ካቃተው በግንባሩ ደፍተው በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ጀርባውን ይምቱ፤ እየጮሁም ሰው ይጥሩ። አፉ ውስጥ ሳያዩ ጣት አይስደዱ።

የበርበሬና የበቆሎ ማሳ ያላችሁ ሁሉ፣ የፀረ ተባይና የፀረ አረም ባዶ ጠርሙስ ታጥቦም ቢሆን መጫወቻ፣ የውኃ መቅጃም ሆነ የዘይት መያዣ አይሁን። የነቀዝ ክኒን ልጆች በሚተኙበት ቤት አይቀመጥ፤ ጋዙ በሌሊት ይገድላል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ሳናወጣ ምን ማድረግ እንችላለን? (ከብዙ ወላጆች)

መልስ፦ ከምግብና ከመኝታ በፊት የልጁን እጅ በሳሙና አጥቡ። ቤቱ ሊሾ ከሆነ በደረቅ መጥረጊያ አቧራ አታስነሱ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። የተላጠ በር ወይም መስኮት አጠገብ ሕፃን አታስተኙ። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳስን አብዝቶ ይወስዳልና ምስር፣ ጎመንና እንቁላል፣ ከተገኘም ሥጋ አብሉት። ወተትና እርጎም ስጡት። በአካባቢያችን የሚበቅለው ዳጉሳ ከእህል ሁሉ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ የድሃ ምግብ ነው ብላችሁ ከልጅ አትከልክሉት። እርሳስ አንዴ የጎዳውን አንጎል የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ እንዳይገባ መከላከል ግን በእያንዳንዱ እናትና አባት እጅ ነው።