ምዕራፍ ስድስት፦ ገንዘቡ ሳይመጣ ተነጋገሩ

አዲስ ባንድ ሲመሠረት ስለ ገንዘብ ማንሳት ያሳፍራል። ገና አንድ መድረክ ሳትወጡ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ስግብግብ ይመስላል። እኔ ግን ንግግሩ የሚቀለው ያኔ ነው እላለሁ፤ የምትካፈሉት ነገር ስለሌለ የሚቀየም አይኖርም።

የማንችስተሩ ዘ ስሚዝስ እ.ኤ.አ. በ1982 ተመሥርቶ በ1987 እስኪፈርስ አራት የስቱዲዮ አልበሞች የሠራ ድንቅ ባንድ ነበር። ግጥሙ የድምፃዊው የሞሪሲ፣ ሙዚቃው የጊታሪስቱ የጆኒ ማር መሆኑ አላከራከረም። ጠቡ የመጣው ከቀረጻና ከመድረክ በሚገኘው ትርፍ ነው። ሁለቱ አርባ አርባ በመቶ ሲወስዱ፣ ለቤዝ ጊታሪስቱ አንዲ ሩርክና ለድራመሩ ማይክ ጆይስ አሥር አሥር በመቶ ይደርሳቸው ነበር። የተጻፈ ስምምነት ግን የለም። የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ ደግሞ ከ1890 ጀምሮ የተለየ ስምምነት ከሌለ ሸሪኮች ትርፉን እኩል ይካፈላሉ ይላል። ጆይስ ከሰሰ፤ በ1996 ሃያ አምስት በመቶ ተፈረደለት፤ የሞሪሲ ይግባኝም በ1998 ውድቅ ሆነ። ሩርክ አስቀድሞ በ83 ሺህ ፓውንድና በአሥር በመቶው ተስማምቶ ስለነበር ከፍርዱ አልተጠቀመም። ጎን ለጎን ቆመው አንድ ምት ሲጠብቁ የኖሩ ሁለት ሰዎች ዕጣቸው እንዲህ ተለያየ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

የደብሊኑ ባንድ ዩቱ ሌላ መንገድ መረጠ። ድራመሩ ላሪ መለን እ.ኤ.አ. በ1976 በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ለጥፎ የሰበሰባቸው ልጆች፣ ሥራ አስኪያጃቸው ፖል መጊነስ ሲመክራቸው የዘፈን ገቢያቸውን እኩል ለመካፈል ተስማሙ። ጥቅሙ ከፍትሕም ያልፋል። ድርሻው የተረጋገጠለት ድራመር የራሱ ዘፈን አልበሙ ውስጥ ካልገባ ብሎ አይጣላም፤ የሚመረጠው የተሻለው ዘፈን ይሆናል። ለጀማሪ ባንድ እኩል ክፍፍልን የምመክረው ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ልማዱ ይለያል። አልበሙ የድምፃዊው ነው፤ ግጥም ደራሲው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ለየብቻ ይከፈላቸዋል፤ ባንዱ ያጅባል። የቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው መብት ሌላ የከዋኙንም መብት ያውቃል፤ ክፍፍሉን ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሮክ የምትጫወቱ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። ልምምድ ላይ ጊታሪስቱ ያመጣት አጭር ሐረግ ዘፈኑን ብትሸከመው ዜማ ናት ወይስ ቅንብር? ዛሬውኑ ወስኑ።

አንድ ሰው ቢወጣ የባንዱ ስም ለማን ይቀራል? በጋራ የተገዛው ሚክሰርና ድምፅ ማጉያስ? ውጭ አገር የሄደ አባል ከቀድሞው አልበም ይካፈላል? መልሱ አንድ ገጽ አይሞላም። በአማርኛ ጻፉት፣ ቀን አስገቡበት፣ ሁላችሁም ፈርሙ፤ ቅጂውም በየአንዳንዳችሁ እጅ ይኑር።