«ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» ማለት ይገባልን?

በላስታ ደጋ አረጋውያንን ዕድሜያቸውን የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ በቁጥር መልስ አያገኝም። «በ66ቱ ረሃብ ጊዜ ባለትዳር ነበርሁ»፣ «በ77 ልጅ ታቅፌ ነበር» ይሉታል። ሁለቱን ክፉ ቀን ያለፈ ሰው የቀረውን ዘመን እንደ ምራቂ ቢቆጥረው አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ግን ይህንኑ ምክንያት በማድረግ «እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» ብሎ ሕክምናን የሚተው መኖሩ ነው።

በዚህ አነጋገር ውስጥ የአቆጣጠር ስሕተት አለ። የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ 65 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ ይገመታል። ይህ አኃዝ ግን በሕፃንነታቸው የሚሞቱትም ተደምረው የሚገኝ፣ ከልደት ጀምሮ የሚታሰብ ነው። ስለዚህ 60 ዓመት የሞላው ሰው የቀረው 5 ዓመት ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ በአማካይ ከ15 ዓመት የበለጠ ይጠብቀዋል። ይህም የልጅ ልጅን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ለማብቃት የሚበቃ ጊዜ ነው። እርግጥ አማካይ ለማንም የተቆረጠ ቀን አይደለም።

ታዲያ አረጋዊ ስለ ራሱ ሊመዝን የሚገባው ምንድን ነው? አስቀድሞ የደም ግፊቱን ነው፤ ሕመም ሳያሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳልና። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ኪኒኑን ስንወስድ ቆይተን ደኅና ስንሆን «ድኛለሁ» ብለን በማቋረጣችን ነው፤ ደኅና የሆንነው ግን ስለ ወሰድነው ነው። በጾም ወራት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ተማክሮ ማስተካከል ይቻላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም አረጋውያንን በየቤታቸው ስትጎበኙ «መቼ ተለኩ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልካም ነው። እናቶች ዕድሜ ልካቸውን የተነፈሱት የምድጃ ጭስም ሳንባን እንደሚጎዳ አትርሱ፤ የቆየ ሳል የእርጅና ነው ተብሎ አይታለፍም።

የመንገዱም ነገር አለ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። የአገሩ ሰው ለምዶታል። ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ ለገና የሚመጣ አረጋዊ ግን ከመውጣቱ በፊት አንድ ሁለት ቀን ሊያርፍ ይገባዋል። በዳገት ላይ ደረትን የሚጨብጥ፣ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም የተሰማውም «ልድረስና አርፋለሁ» ሳይል እዚያው ተቀምጦ እርዳታ ይጥራ። ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ መውጣትም ነውር የለበትም።