ጀነሬተር ገዢው ዋት ብቻ አይቁጠር

አሥር ኮምፒዩተሮች ላሉት ቢሮ ጀነሬተር ወይም ዩ.ፒ.ኤስ. የሚገዙ ነጋዴዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደምሩት ዋትን ነው። አንዱ ኮምፒዩተር 200 ዋት ቢወስድ አሥሩ 2,000 ዋት ይሆናሉ። ይህን ይዞ የ2 ኪሎ ቮልት አምፔር ጀነሬተር መግዛት ግን ለኪሳራ ይዳርጋል። በስሌቱ ውስጥ የተረሳው ፓወር ፋክተር ነው።

ፓወር ፋክተር ሥራ ላይ የዋለው ኃይል (ዋት) መስመሩ ለተሸከመው ጭነት (ቮልት አምፔር) ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ጭድ የጫነ መኪና ሚዛን ላይ ባይከብድም ቦታው ግን ሞልቷል። ዝቅተኛ ፓወር ፋክተር ያለው ዕቃም እንዲሁ የጀነሬተሩንና የሽቦውን አቅም ያለ ሥራ ይይዛል።

ለመሆኑ ችግሩ ከየት ይመጣል? የኮምፒዩተሩ ፓወር ሳፕላይ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ለውጦ በካፓሲተር ያጠራቅማል። ካፓሲተሩ የሚሞላው ቮልቴጁ ጫፍ ላይ በሚደርስበት አጭር ቅጽበት ብቻ ስለሆነ ከረንቱ እየተቆራረጠ በኃይል ይሳባል። ማስተካከያ ከሌለ ፓወር ፋክተሩ 0.6 አካባቢ ይሆናል።

ርካሹ መፍትሔ ፓሲቭ ማስተካከያ ይባላል። በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ይገባል። ሽቦው ድንገተኛውን ከረንት ስለሚያዘገየው አወሳሰዱ ሰፋ ይላል፤ ፓወር ፋክተሩም ወደ 0.7 ወይም 0.75 ከፍ ይላል። የአውሮፓ የሃርሞኒክ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ75 ዋት በላይ በሚወስዱ ኮምፒዩተሮች ላይ ተግባራዊ ሲሆን ብዙ አምራቾች ሕጉን ያሟሉት በዚህ ዘዴ ነበር። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው አክቲቭ ማስተካከያ ግን 0.95ና ከዚያ በላይ ያደርሳል።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ለ2,000 ዋት በ220 ቮልት፦

ማስተካከያ ከሌለ (0.6)፣ 3,333 ቮልት አምፔር፣ 15.2 አምፔር
በፓሲቭ (0.7)፣ 2,857 ቮልት አምፔር፣ 13 አምፔር
በአክቲቭ (0.95)፣ 2,105 ቮልት አምፔር፣ 9.6 አምፔር

ይህ መጠባበቂያ ሳይጨመር ነው። በሦስት ፌዝ ሕንፃ ደግሞ የተቆራረጠው ከረንት በኒውትራል ሽቦ ላይ እየተደመረ ስለሚሄድ ሽቦው ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል።

ሻጭ "የመብራት ሒሳብ ይቀንሳል" ቢል ግን ገዢው ይጠንቀቅ። ኪሎዋት ሰዓት ብቻ በሚቆጥር ቆጣሪ ላይ ለውጡ እምብዛም አይታይም። ትርፉ በጀነሬተሩ፣ በዩ.ፒ.ኤስ.ና በሽቦው ዋጋ ላይ ነው። ለፋብሪካ ሞተር የሚገጠመው የካፓሲተር ሣጥንም ይህን ዓይነት ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

ፓሲቭ ዕቃ መናኛ ነው ማለት አይደለም። ክፍሎቹ ጥቂት በመሆናቸው ጠንካራ ነው። ሆኖም ይከብዳል፣ አንዳንዴም ያጉረመርማል፤ ከኋላውም ብዙውን ጊዜ የ115/230 ቮልት መቀያየሪያ አለው። ያለ መቀያየሪያ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል የኮምፒዩተር ፓወር ሳፕላይ አብዛኛውን ጊዜ አክቲቭ ነው። ክብደትና መቀያየሪያ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም። ስለዚህ ገዢው ከዋቱ ጎን ፓወር ፋክተሩም በፕሮፎርማው ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።