ሦስት ገጽ የያዘው ግኝት፦ አጭር የምርምር ዘገባ በፊዚክስ

አንድ ታላቅ ግኝት ስንት ገጽ ይበቃዋል? እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1987 «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» በተባለው የአሜሪካ ጆርናል የወጣው የእነ ፖል ቹ ዘገባ ሦስት ገጽ ብቻ ነበር። የያዘው ዜና ግን የዓለምን የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች አነቃነቀ። ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ውሕድ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት ማስተላለፍ እንደሚጀምር አበሠረ። እንዲህ ያለው ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። ቀደምቶቹ ሱፐርኮንዳክተሮች በአብዛኛው ውድ በሆነው ፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዙ ነበር፤ ለአዲሱ ግን ርካሹ ፈሳሽ ናይትሮጅን በቂ ሆነ።

ይህ የምርምር መስክ ኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ ይባላል፤ በጠጣርና በፈሳሽ ቁሶች ውስጥ እልፍ አእላፍ አቶሞች በጋራ የሚያሳዩትን ጠባይ ያጠናል። የአንድ ውሕድ አሠራር አንዴ ከታወቀ ሌላው ቤተ ሙከራ በቀናት ውስጥ ሊደግመው ይችላልና የቀዳሚነት ፉክክሩ ብርቱ ነው። ሳሙኤል ጋውድስሚት ጆርናሉን በ1958 ያቋቋሙትም አጫጭር ግኝቶች ረጅሙን የኅትመት ወረፋ ሳይጠብቁ እንዲወጡ ነበር።

ፍጥነት ግን ፈተና አለው። እነ ቹ በላኩት ረቂቅ ላይ በኢትሪየም ምልክት ፈንታ የኢተርቢየም ምልክት ተጽፎ ነበር። ስህተቱ ከኅትመት በፊት ታረመ፤ ይሁን እንጂ የኢተርቢየም ወሬ አስቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። ቹ የጽሕፈት ስህተት ነው ቢሉም፣ ምስጢር ለመጠበቅ ታስቦ የተደረገ ነው ብለው የጠረጠሩ ጥቂቶች አልነበሩም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤድኖርዝና ሙለር በስዊዘርላንድ የመንገዱ ከፋች የሆነውን ዘገባ ሲጽፉ፣ በርዕሱ ላይ «ሊሆን የሚችል» የሚል ቃል አኑረዋል። ምክንያቱም የኤሌክትሪክ መለኪያው ውጤት በእጃቸው ቢኖርም፣ ሱፐርኮንዳክተር መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ እንደሚገፋ የሚያሳየው ሁለተኛው ማስረጃ ገና አልተሟላም ነበር። ማስረጃው በኋላ ተገኘ፤ በ1987 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በጁላይ 2023 ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች «ኤልኬ-99» የተባለ ቁስ በተራ የክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ነው የሚል ያልተገመገመ ጽሑፍ በበይነ መረብ አወጡ። አሠራሩ በጽሑፉ ስለ ተገለጸ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ሞከሩት። በሳምንታት ውስጥም ለተአምር የተቆጠረው ለውጥ በናሙናው ውስጥ ከነበረ የመዳብ ሰልፋይድ ቅሬታ የመጣ መሆኑ ተረጋገጠ።

ስለዚህ አዲስ ግኝት ሲሰማ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ አሠራሩ ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መጠን ተጽፏል? ማስረጃው ከአንድ በላይ ነው? ሌላ ቤተ ሙከራስ ደግሞት ያንኑ ውጤት አግኝቷል?