ቀበቶውን ለማን ነው የምታስረው?

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድ በማውጣትህ ደስ ብሎኛል፤ እጅህም ጥሩ ነው። ቀበቶ ላይ ግን ቸልተኛ መሆንህን አይቻለሁ። ዕድሜዬን መሪ ላይ አሳልፌያለሁና የምልህን ስማኝ።

1. ለትራፊክ ብለህ አትሰር። ብዙ ሾፌር ትራፊክ ከሩቅ ሲያይ ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ካለፈው በኋላ ይለቀዋል። ቅጣት ፈርቶ የሚያስር ሰው፣ የሚያየው በሌለበት መንገድ ሁሉ ባዶ ደረቱን ነው የሚነዳው። አደጋ ደግሞ ትራፊክ የቆመበትን መርጦ አይመጣም።

2. «ቅርብ ነው» አትበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ከግንብ ጋር ብትላተም፣ ከ10 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። መኪናው ይቆማል፤ አንተ ግን በያዝከው ፍጥነት ወደ መሪው ትሄዳለህ። «በእጄ እደገፋለሁ» የሚሉ አሉ። ከፎቅ የወደቀ ሰው በእጁ ተደግፎ ሲተርፍ አይተህ ታውቃለህ?

3. «መኪናው ቢቃጠል አስሮ ያስቀረኛል» የሚለውን ወሬ አትመን። ይህን ከመናኸሪያ እስከ ሻይ ቤት ትሰማዋለህ። እሳት የሚነሳበት ግጭት ጥቂት ነው፤ ቢነሳም በሩን ከፍቶ የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው ነው፣ ራስን ከመሳት የሚያድነው ደግሞ ቀበቶው ነው። ሳያስር ከመኪናው ተወርውሮ የተረፈ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ይኖራል፤ ተወርውሮ የሞተ አያወራም። ወሬው ያዘነበለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ የመሞትን አደጋ እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይናገራል። የቀረውን ግማሽ በፍጥነትህ ጠብቀው።

4. ስትነሳ ስታማትብ ደስ ይለኛል። አማትበህ እሰር።

5. በብብትህ ሥር አታሳልፈው። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ይህን ቀበቶ ሲሠራ፣ የግጭቱን ኃይል ደረትና ዳሌ እንዲካፈሉት አስቦ ነው። በብብት ካለፈ ጎድን ይሰብራል። የታችኛው ዳሌ ላይ ዝቅ ይበል፤ ተሳፋሪዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ከሆዷ በታች ይለፍ። ሕፃን ታቅፎ በአንድ ቀበቶ አብሮ መታሰር ደግሞ ልጁን ማስጨፍለቅ ነው።

6. የወንበር ልብስ ስታሰፋ የኋላውን ቀበቶ አትቅበረው። ስንቱ መኪና ውስጥ መቆለፊያው ከጨርቅ ሥር ተደፍኖ ቀርቷል! ከኋላ ያልታሰረ ሰው ሲወረወር የፊተኛውን ከነወንበሩ ይደፈጥጠዋል። ደወሉ እንዳይጮህ የሚሰካውንም ባዶ ብረት ከመኪናህ አውጣ።

7. ጋቢና የገባ ሰው ቀበቶ ሲስብ «አታምነኝም እንዴ?» አትበለው። ብዙ ተሳፋሪ የማያስረው ሾፌሩን ላለማስቀየም ነው፤ ይሉኝታ ይዞት እጁን ይመልሳል። ትልቅ ሰው ከሆነማ ይብስበታል። ስለዚህ መጀመሪያ አንተ እሰር፤ ከዚያ «እትዬ፣ ልሰርልዎት?» ብለህ ጠይቅ። ሁሉም እስኪያስር ሞተር አታስነሳ።