የተሳቢ ርዝመትና የመጋዘን በር

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ዕቃ ብዙው የሚጓዘው በከባድ መኪናና በተሳቢ ነው። ነጋዴው ከመኪና ባለንብረት ጋር ሲዋዋል ስለ ዋጋውና ስለ ክብደቱ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ስለ ተሳቢው ርዝመት ግን የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው በደኅና መጋዘን መግባቱ በርዝመቱም ይወሰናል።

እዚህ ላይ ርዝመት የሚባለው የሣጥኑ ልክ ሳይሆን ከመጋጠሚያው እስከ ተሳቢው የኋላ ጎማዎች ያለው ርቀት ነው። ይህም ሁለት ተቃራኒ ጠባዮችን ያስከትላል።

አንደኛ፥ ወደ ፊት ሲታጠፍ። የተሳቢው ጎማ የመኪናውን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። መጋጠሚያው ከመካከሉ 12 ሜትር በራቀ ክብ ላይ መዞሩን ቢቀጥል፥ ባለ 4 ሜትሩ ተሳቢ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ፥ ባለ 8 ሜትሩ እስከ 3 ሜትር ይገባል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ቆረጣው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። የአጥር ማዕዘንና የበር ምሰሶ የሚፈርሱት፥ እግረኛም የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፥ ወደ ኋላ ሲመለስ። አንድ መታጠፊያ ያለውን ተሳቢ ወደ ግራ ለመላክ ነጂው መሪውን አስቀድሞ ወደ ቀኝ ያዞራል። አጭሩ ተሳቢ በጥቂት ንቅናቄ ወዲያው ይታጠፋል። ረጅሙ ቀስ ብሎ ስለሚታዘዝ ለማረም ጊዜ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሰፊ ግቢ ይፈልጋል። ከልክ በላይ ከታጠፈ መሪ ማዞር አያድነውም፤ ወደ ፊት ስቦ ማቃናት ያስፈልጋል። የፊት ጎማዎቹ ከመጎተቻው ጋር የሚዞሩ ተሳቢ ደግሞ ሁለት መታጠፊያ ስላለው ወደ ኋላ መምራቱ ከሁሉ ይከብዳል።

ስለዚህ ነጋዴው ከመዋዋሉ በፊት የበሩን ስፋት፥ ከበሩ ፊት ያለውን መንገድና የግቢውን ጥልቀት በሜትር ያስለካ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር መኪናው ሳይቈጠር ብቻውን 12.2 ሜትር ያህል መሆኑን ያስታውስ። ቦታው ከጠበበ ተሳቢውን ሰፊ ሜዳ ላይ ፈትቶ ዕቃውን በአነስተኛ መኪና ማመላለስ ይሻላል። መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስም ረዳቱ ነጂው በመስተዋት በሚያየው ስፍራ ይቁም፤ ከተሳቢው በስተኋላ ማንም አይለፍ።

በረጅም ተሳቢ የተገኘው የኪራይ ቅናሽ በአንድ የፈረሰ ግንብ ወይም በተሰበረ ዕቃ ሊጠፋ ይችላል፤ በሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን በምንም ገንዘብ አይተካም።