የእንቁራሪት ቆዳና የልጆቻችን ሕይወት

ክረምት ሲገባ በላስታ ደጋ ሌሊቱን ሙሉ የምትጮኸው ማን ናት? እንቁራሪት ናት። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ባለው ረግረግ፣ በምንጭ ዳር፣ በቦይ ውስጥ ድምፅዋ አያቋርጥም። ብዙዎቻችን ከብት ስንጠብቅ ድንጋይ ወርውረንባታል። ስትነካ ስለምትቀዘቅዝና ስለምታዳልጥ እንጸየፋታለን። «ይቺ ደግሞ ለምን ትጠቅማለች?» እንላለን።

ዛሬ የምንማረው ስለዚህችው እንቁራሪት ነው። ትምህርቱ ግን ሄዶ ሄዶ ከቤታችን፣ ከልጆቻችን አልጋ ይደርሳል።

1. እንቁራሪት በተመራማሪዎች ዘንድ

እንቁራሪት ትንሽ ናት፤ በቀላሉ ትገኛለች። ልቧ ከአካሏ ወጥቶ እንኳ ተስማሚ የጨው ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ለብዙ ጊዜ ይመታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሰውን አካል አሠራር ለማወቅ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ከእርሷ ይጀምራሉ።

በ1921 በአውሮፓ አቆጣጠር ኦቶ ሎዊ የተባለ ሊቅ በኦስትሪያ አገር ሁለት የእንቁራሪት ልቦች ወሰደ። የአንደኛውን ልብ ጅማተ ነርቭ ነካክቶ አመታቱን አዘገየው። ከዚያም በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን ውሃ ወደ ሁለተኛው ልብ አዛወረ። ሁለተኛው ልብ ማንም ሳይነካው ዘገየ። በዚህም ነርቭ ልብን የሚያዝዘው በሚረጨው ንጥረ ነገር አማካይነት መሆኑ ታወቀ። ሎዊ በ1936 የኖቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፈለ።

በ1930ዎቹ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የምትገኝ አንዲት የእንቁራሪት ዓይነት እርግዝናን ለማወቅ ታገለግል ጀመር። የሴቲቱ ሽንት በመርፌ ይሰጣታል፤ ሴቲቱ እርጉዝ ከሆነች እንቁራሪቷ በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ይህ አሠራር እስከ 1960ዎቹ ቆይቶ በሌላ ምርመራ ተተካ። የዚያች እንቁራሪት ዘመድ የሆነች ሌላ ዓይነት በአገራችን ደጋም ትኖራለች።

2. የቆዳዋ ምሥጢር

እንቁራሪት እንደ በሬ አፏን ደፍታ ውሃ አትጠጣም። ውሃ የምታገኘው በቆዳዋ በኩል ነው። ጨውንም እንዲሁ። በኩሬ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው እጅግ ጥቂት ነው፤ በደሟ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ነው። ታዲያ ጨው ከጥቂቱ ወደ ብዙው እንዴት ይገባል? ይኸ እኮ ውሃን ሽቅብ እንደ ማስኬድ ነው!

ሐንስ ኡሲንግ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ይህን መረመረ። የእንቁራሪት ቆዳ በሁለት ዕቃዎች መካከል ወጠረ። በሁለቱም ወገን እኩል የጨው ውሃ አደረገ። ጨው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ከውጭው ወገን ወደ ውስጠኛው ይሻገር ነበር። በሌላ አነጋገር ሕያው ቆዳ እንደ ስልቻ ዝም ብሎ የሚይዝ ነገር አይደለም። ሠራተኛ ነው። ጨውን በጉልበቱ ተሸክሞ ያሻግራል። ጨው ወደ ሄደበትም ውሃ ይከተላል።

3. ጨውና ስኳር እንደ ጥማድ በሬ

የኡሲንግን የአመራመር ዘዴ ሌሎች ሊቃውንት በአንጀት ላይ ሞከሩት። በ1964 በአሜሪካ በጥንቸል አንጀት ላይ በተደረገ ምርምር፣ ስኳር ሲጨመር አንጀት ጨውን አብልጦ እንደሚያሻግር ታየ።

ነገሩን በእርሻ እንመስለው። አንድ በሬ ብቻውን ሞፈር አይጎትትም፤ ሁለቱ ሲጠመዱ ግን መሬቱ ይታረሳል። በተቅማጥ የታመመ አንጀት ጨውን ብቻውን በደንብ አይቀበልም። ጨውና ስኳር በልክ ሲጠመዱ ግን አብረው ይገባሉ፤ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። ተቅማጥ የሚገድለው በአብዛኛው የአካልን ውሃና ጨው ጨርሶ ነውና፣ ይህ ታላቅ ግኝት ነበር።

በ1971 በሕንድና በዛሬይቱ ባንግላዴሽ ድንበር ኮሌራ ስደተኞችን ፈጀ። በደም ሥር የሚሰጠው ውሃ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ የሕንድ ሐኪም ጨውና ስኳር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ። የሚያጠጡትም የሕሙማኑ ዘመዶች ነበሩ። በመጀመሪያ ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በዚህ ሕክምና የሞቱት ከ4 በታች ሆኑ።

4. እኛስ ምን እናድርግ?

በአገራችን «የሚያስቀምጠው ልጅ ውሃ ከጠጣ ይብስበታል» የሚሉ አሉ። «ግግ ነው» ብለው ድድ የሚወጉ፣ እንጥል የሚቆርጡ አሉ። ይህ ልጁን ያደማዋል፤ ውሃውን ግን አይመልስለትም። ማሰሮ ቢያፈስ ቀዳዳው እስኪደፈን ውሃ እንጨምርበታለን እንጂ አንደፋውም። ልጅም እንዲሁ ነው።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው፦

ሀ. የእናቱን ጡት አናቋርጥበት፤ ምግብም አንከልክለው።

ለ. ከጤና ኬላ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) እናምጣ። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እንበጥብጠው። ማንበብ ያወቅነው ለዚህም ነው!

ሐ. ፓኬቱ እስኪገኝ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንበጥብጥ። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፤ አይቆለል። ጨው ከበዛ ይጎዳል።

መ. በማንኪያ ቀስ እያልን እናጠጣው። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እንስጠው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ።

ሠ. ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው፣ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በመንገድም እያጠጣነው እንሂድ።

አንድ ነገር እናስተውል። እንቁራሪት መድኃኒት ናት አላልንም። እርሷን መብላት ወይም ቆዳዋን በታመመ ሰው ላይ መለጠፍ አያድንም። የሚያድነው ከእርሷ የተገኘው እውቀት ነው። ለዚህ እውቀት ብዙ እንቁራሪቶች ሞተዋል። ስለዚህ እረኞቻችን በከንቱ እንዳይገድሏት እንምከራቸው። በክረምት ሌሊት ስትጮኽ ስንሰማም፣ በቤታችን ስንት ማንኪያ ስኳርና ስንት ማንኪያ ጨው እንደሚበጠበጥ እናስታውስ።

ጥያቄዎች

1. እንቁራሪት ውሃ የምታገኘው በምን በኩል ነው?
2. ጨውና ስኳር በጥማድ በሬ የተመሰሉት ለምንድን ነው?
3. በ1 ሊትር ውሃ ስንት ማንኪያ ስኳርና ስንት ማንኪያ ጨው ይጨመራል?
4. ልጅን ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ የሚያስገድዱ ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
5. ይህን ትምህርት ማንበብ ለማይችል አንድ ጎረቤት አንብቡለት። ምን አላችሁ?